በብርድ ወራት ሙቀት ለላከልን የውሃ መረጃ ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የባሕር ዳርቻ ውሃ መረጃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ የቢሮዎ ማሞቂያም በደህና እንዲሰነብት ከልብ እመኛለሁ። ሹዌ ፔይ-ሊንግ እባላለሁ፤ በታይናን ከተማ ዳርቻ ባለው የመንደራችን ዓሣ አርቢዎች ማኅበር የኮምፒውተር ሠራተኛ ነኝ። እርስዎ ከሩዝ ሾርባ ጋር በሚገባ የሚያውቁት ሳባሂ የተባለው ዓሣችን ብርድ ሲመታው በጅምላ ስለሚሞት፣ ሰሞኑን የውሃውን ሙቀት በየማለዳው ከመረጃ አገልግሎታችሁ ጠይቆ ወደ አባላቱ ስልክ የሚልክ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ቅሬታዎቼን እንደ ምስጋና ቢቀበሏቸውም አልቀየምም።

1. ፕሮግራሙ የዕለቱን ቀን ራሱ እያነሳ ይጠይቃል። ዓመቱን ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለላከ፣ ከ1911 በኋላ አንድ ብሎ የሚጀምረውን የሪፐብሊካችንን አቆጣጠር ብቻ የሚያውቀው አገልግሎታችሁ አልገባውም። አልገባኝም ማለትን እንደ ነውር ቆጥሮም፣ አገልግሎቱ ራሱ ሥራ የጀመረበትን የአንድ የሚያቃጥል የበጋ ቀን ሙቀት በየማለዳው ላከልን። ስለ ጨዋነቱ አመሰግናለሁ። የማኅበራችን አባል አክስት ሊያው ግን ጨዋነቱ አልታያቸው ኖሮ ደወሉልኝ፦ «አንቺ ልጅ፣ እኔ ሁለት ካፖርት ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ፣ አንቺ ሠላሳ ዲግሪ ትይኛለሽ! እስኪ ነይና ዋኚበት!»

2. ጽሕፈት ቤታችሁ ስደውል ባለሙያው አቶ ጓን በትዕግሥት አስተናገዱኝ። «መልስ ሰጥቶሻል አይደል? ታዲያ ምን ጎደለ? ቀኑን በየማለዳው በእጅሽ ጻፊው» አሉኝ።

«ቅዳሜና እሁድስ?»

«ዝግ ነን።»

«ብርዱም ዝግ ነው?» ስላቸው ስልኩም ተዘጋ።

ስለዚህ ፕሮግራሙ ከዓመቱ ላይ 1911 ቀንሶ፣ ወሩንና ቀኑን እናንተ በምትወዱት አጻጻፍ አስተካክሎ በየማለዳው ጥያቄው ውስጥ እንዲያስገባ አደረግሁ። የመልሱ ቀን ከጠየቅነው ቀን ካልገጠመም «አትመኑት» ብሎ በቀይ እንዲጽፍ አዘዝኩት።

ቅዳሜ ማለዳ፣ እናንተ በእረፍት ላይ ሳላችሁ፣ የሁላችንም ስልክ ጮኸ፤ ውሃው በፍጥነት እየቀዘቀዘ ነበር። አክስት ሊያው ግድቡ ላይ ቆመው «ምን ትገተራላችሁ! ዓሣውን ብርዱ ወደማይደርስበት ጥልቅ ቦይ ንዱት!» እያሉ መንደሩን ቀሰቀሱ። ከፊሉ ውሃ ሲጨምር፣ ከፊሉ ነፋስ መከለያ ሲተክል፣ እኔም ቁጥሩን ዳግመኛ ተሳስቼው ቢሆንስ እያልኩ፣ እጄ እስኪደነዝዝ የፕላስቲክ ሸራ ስጎትት ዋልኩ። እሁድ ረፋዱ ላይ ጥቂት ዓሣ ብቻ ሞቶ አገኘን፤ የቀረው ቦዩ ውስጥ ይርመሰመስ ነበር። አክስት ሊያውም «ኮምፒውተርሽ ገና አሁን ሰው ሆነ» ብለው ጀርባዬን መቱኝ፤ እስካሁን ያመኛል።

3. መለኪያችሁ በእውነት ግሩም ስለሆነ እንደ ልቤ ልቆጣ አልቻልኩም። ይህም ራሱን የቻለ በደል ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አገልግሎታችሁ ያልገባው ቀን ሲመጣበት ያለ ሐፍረት «አልገባኝም» ይበል። እንደማንቀየመው በመላው ማኅበሩ ስም ቃል እገባለሁ።

ከጎማ ጫማዬ ጭቃውን ሳላራግፍ፣ ወደር ከሌለው አክብሮት ጋር እጅ የምነሳዎ፣

ሹዌ ፔይ-ሊንግ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ለአገልግሎታችሁ ተጠቃሚዎች ያዘጋጃችሁት የምስጋና ግብዣ ጥሪ ደረሰኝ። ግብዣው ባለፈው ማክሰኞ ነው ይላል፤ በሰዓቱ ለመድረስ የተቻለኝን ሁሉ አደርጋለሁ።