ቅዳሜ ዕለት ግቢዬ ውስጥ ስለ ወረደው ነገር

ለክቡር አቶ ሰብሐት
የምዕራብ ሜልቦርን ኢትዮጵያውያን የአየር ጠባይ ተከታታዮች ማኅበር ሊቀመንበር
ፖይንት ኩክ

ግልባጭ፦ ለአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለቫይበር ግሩፑ አባላት በሙሉ፣ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ጣራዎ ላይ የሚሽከረከረው የነፋስ መለኪያዎስ ደኅና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደኅና ነኝ። ከተራራው ስትመለሱ ብርድ መትቷችሁ ልጆቹ ሁሉ ጉንፋን ያዛቸው ሲባል ሰምቼ ከልቤ አዝኛለሁ፤ ዝንጅብል በማር አፍልተው ይስጧቸው።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ «አንተ ሰብሐት» እያልሁ እጠራዎት እንደ ነበር ያስታውሳሉ። አንተ የሚባለው ወይ ልጅ ነው ወይ ወዳጅ ነው። ከቅዳሜ ወዲህ ሁለቱንም አለመሆንዎን ስለ ተረዳሁ እነሆ እርስዎ ብያለሁ፤ ማዕረግዎ ከፍ ብሏልና ደስ ይበልዎት።

ደብዳቤውን የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። የልጅ ልጄ ኑሀሚን «አባባ፣ ታይፕ ላድርግልህ» ብላኝ ነበር፤ አይሆንም አልኋት። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ አሰብ ወደብ ጆንያ ስሸከም ውዬ፣ ጢም ካበቀልሁ በኋላ ነው። ፊደሌ ይጣመም ይሆናል፤ ቃሌ ግን ተጣሞ አያውቅም። ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል። የጨረስሁት በፍልሰታ ጾም ስለ ሆነ ብዙ ነገር አስቀርቻለሁ፤ ለዚህም እመቤታችንን ያመስግኑ።

እንድጽፍ ያነሣሣኝ ሰኞ ጠዋት የላኩልኝ መልእክት ነው። «ጋሼ አምኃ፣ የቅዳሜው ምዝገባዎ አልደረሰንም። ዋይንድሃም ቬል ውስጥ ከእርስዎ በቀር የነበረ አባል የለም። ዝናብ ነበር ወይስ ስኖው? በአስቸኳይ ይላኩልን» ይላል፤ ስኖው ያሉት ያን እንደ ተባዘተ ጥጥ ድምፅ ሳያሰማ የሚወርደውን በረዶ መሆኑ ነው። ሦስት ጊዜ አስነበብሁት። ከዚያ በላይም ሆነ ከዚያ በታች ሌላ ቃል አለበት ወይ ብዬ ኑሀሚንን ጠየቅኋት፤ የለም አለችኝ። እንግዲህ መልስ ይገባዎታልና፣ መልሱ ከመድረሱ በፊት ምስጋናዬን በቁጥር ላስቀምጥ።

1ኛ. ረቡዕ ዕለት በቤተ መጻሕፍቱ ክፍል ሰብስበው፣ ከደቡብ ባሕር እየገሠገሠ ያለው ማዕበል ቅዳሜ ተራራውንም እኛንም ሲደርስ ዝናብ ያመጣል ወይስ ስኖው የሚለውን ነገር ሁለት ሰዓት ሙሉ ስላከራከሩን አመሰግናለሁ። እርስዎ «የአውሮፓው ኮምፒውተር ስኖው ብሏል» አሉ። አቶ እዮብ «የአሜሪካው ግን ዝናብ ነው የሚለው» ብለው ቢነሡ፣ የእርስዎ ሰዎች ኳስ ሜዳ እንደ ገባ ሰው ጮኹባቸው። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ዋይንድሃም ቬል ኖረው አያውቁም። እኔም እጄን አውጥቼ የማውቀውን ተናገርሁ፦ ባሕር ማለት ምድጃ ነው፣ እሳቱ ጠፍቶም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ ነፋሱ ያን ሁሉ ውሃ ተሻግሮ እስከ መጣ ድረስ ተሸክሞ የሚያመጣው ዝናብ ነው፣ ስኖው የሚፈልግ ብርዱ እስኪጠና ይታገሥ አልሁ። ከኋላ አንዱ «ጋሼ፣ ለመሆኑ አሰብ ይዘንባል እንዴ?» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ክቡርነትዎም ጥርስዎን አሳዩን። ዝናብን የሚያውቀው እኮ የናፈቀው ሰው ነው። ለማንኛውም «ክርክሩ ይብቃና ወደ ድምፅ እንሂድ» አሉ። አሥራ አንድ ለስኖው፣ አራት ለዝናብ፣ አንድ ድምፀ ተአቅቦ። ቃለ ጉባኤው «ቅዳሜ ስኖው እንዲጥል በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል» ይላል። በዚህ ዕድሜዬ ስንት መንግሥት ሲወጣና ሲወርድ አይቻለሁ፤ ሰማይን በእጅ ማውጣት ያዘዘ ግን የመጀመሪያው እርስዎ ነዎትና እንኳን ደስ አለዎት።

2ኛ. ስለ ወዳጄ ስለ ወልደአማኑኤል አመሰግናለሁ። ይህ ሰው ከጅቡቲ ካምፕ ጀምሮ ሃያ ሦስት ዓመት አብሮኝ የኖረ ነው። ማክሰኞ ቤቴ ቁጭ ብሎ ሽሮዬን እየበላ «አምኃ ይሙት፣ ይሄ ዝናብ ነው፤ ሕፃን ልጅም አይስተው» ብሎኛል። በነጋታው ለዝናብ እጄን ሳወጣ ወደ ግራ ዞር ብዬ ባይ የሱ እጅ ጠረጴዛ ሥር ነው። ስኖው ሲባል ግን ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ስንወጣ «ምነው ወልዴ?» ስለው «ምን ላድርግ፣ ሊቀመንበሩ አየኝ» አለ። እርስዎ በዐይንዎ ብቻ ይህን የሚሠሩ ከሆነ እጅዎን ቢያነሡ ምን ሊሆን ነው!

3ኛ. ይህኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። ቅዳሜ ሐምሌ 26 የባለቤቴ የማንተግቦሽ ሰባተኛ ዓመት ተዝካር እንደ ነበር ያውቃሉ። አላውቅም እንዳይሉኝ፣ ጥሪውን ቫይበሩ ላይ የለጠፉልኝ ራስዎ ነዎት። ማንተግቦሽንም ያውቋታል። የዝናብ መለኪያውን ግቢያችን የተከለችው እሷ ናት፤ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ወጥታ እያየች ደብተር ላይ የጻፈችው እሷ ናት። ማኅበሩ ሲመሠረት «የብዙ ዓመት መዝገብ አለን» ብለው የተኩራሩበት የሷ ደብተር ነው። እሷ ካረፈች በኋላ እስክሪብቶ ከአካፋ ይከብደኝ የነበርሁት ሰውዬ ሰባት ዓመት አንድ ጠዋት ሳላጎድል ጻፍሁ።

ዐርብ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ስድሳ ወንበር ተደርድሮ፣ በጉ ታርዶ እያለ ክቡርነትዎ ከጥሪው ሥር ማስታወቂያ አወጡ፦ «ከባድ ስኖው ስለሚጠበቅ መንገዶች ይዘጋሉ። ወገኖቻችን ነገ ከቤታችሁ እንዳትወጡ በጥብቅ እናሳስባለን።» ስልኬ እንደዚያን ምሽት ጮሆ አያውቅም። አንዱ «ጋሼ፣ መንገዱ ያሰጋል» ይላል፣ ሌላው «ልጆች ይዘን እንዴት እንውጣ» ይላል። እትዬ ለተሚካኤል መቅረታቸውን አልቅሰው ነገሩኝ። አሁን ከደጅ መግባቴ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው ብላቸው «አይ፣ ማኅበሩ እኮ ወስኗል» አሉኝ። ስለ ወገንዎ ደኅንነት እንዲህ መጨነቅዎን ሳይ ዐይኔ እንባ አቀረረ። ማመኔን አይጠራጠሩ፤ የዚያን ምሽት አምኜዎት ነበር። ሰብሐት ተሳስቷል እንጂ ክፋት የለበትም ብዬ ለኑሀሚን የተከራከርሁልዎት እኔ ነበርሁ።

4ኛ. ቅዳሜ ሦስት ሰዎች መጡ። ቄሱ ከፉትስክሬይ መኪናቸውን እየነዱ መጡ። የሺሃረግ፣ ከኔ ሦስት መንገድ አልፋ ያለችው፣ ዣንጥላ ይዛ በእግሯ መጣች፤ እሷ ቫይበር የላትም። ሦስተኛዋ ኑሀሚን ናት። ፍትሐቱ ደረሰ፤ ስድሳ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተቀመጥን፤ የስድሳ ሰው እህል ፊት ለፊታችን ነበር። ዝናቡም ድንኳኑን ይደበድብ ነበር።

በዚህ መሐል ልጅቷ ስልኳን አየት አድርጋ ቶሎ ቀሚሷ ሥር ስትደብቅ አየኋት። አምጪ አልኋት። «ኖ አባባ፣ ዶንት ሉክ» አለችኝ። አምጪ አልኋት።

ፎቶ ነው። ተራራው ላይ ያለው መኪና ማቆሚያ ነው። ሃያ ሁለት ሰው ቆጠርሁ፤ የማኅበሩ ኮሚቴ ከነቤተሰቡ ሰማያዊ ሸራ ከላይ ዘርግቶ ቆሟል፤ ከሸራው ጫፍ ውሃው ይንጠባጠባል። የእርስዎ ትንሹ ልጅ ከስኖው ለሚሠሩት ሰውዬ አፍንጫ የሚሆን ካሮት ይዞ ያለቅሳል። እርስዎ መሐል ቆመዋል። ከጎንዎ ያለው ወልደአማኑኤል ነው፤ የለበሰው ካፖርት የኔ ነው፤ ካፖርቱን የገዛችልኝ ማንተግቦሽ ናት። ከፎቶው ሥር «ስኖው በመጠበቅ ላይ» ተብሎ ተጽፏል።

ዝናብን ስኖው ማለት ስሕተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል፣ ኮምፒውተርም ይሳሳታል፣ እኔም ስንቴ ተሳስቻለሁ። ለተዝካር የተዘጋ መንገድ ለሽርሽር እንዴት እንደ ተከፈተ ግን ይህ ደካማ ጭንቅላቴ አልገባው አለ። ከእርስዎ ቤት የኔ ድንኳን ቅርብ ነው፤ ተራራው አንድ ሰዓት ያስኬዳል፣ ያውም ዳገት ነው። ቢደውሉልኝና «ጋሼ፣ ተራራ ልንወጣ ነው፣ ለተዝካሩ አንደርስም» ቢሉኝ ኖሮ እቆጣ ነበር፣ ሁለት ቀን ተቆጥቼም እተው ነበር። እርስዎ ግን የማንተግቦሽን ሰዎች በፍርሃት ቤታቸው ቆልፈው ሄዱ።

አምስተኛም ስድስተኛም ነበረኝ፤ በጾሙ ምክንያት ቀርቷል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ቅዳሜ ዋይንድሃም ቬል ላይ ምን ወረደ?

የማንተግቦሽን ደብተር አንብበውታል ብዬ ነበር፤ ቁጥሩን ብቻ ገልብጠው ኖሯል። ክረምት በወጣ ቁጥር ከቁጥሩ ሥር አንድ መስመር ትጽፍ ነበር፦ «ዘንድሮም ስኖው አልመጣም።» ተራራ ልውሰድሽ ስላት «እኔ ልሄድበት አይደለም፣ ደጄ ይምጣ» ትለኝ ነበር፤ ከኔ ትብስ ነበር። ባረፈችበት ክረምት ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት የመጨረሻ የጻፈችው «እስካሁን አልመጣም» የሚል ነው።

ቅዳሜ ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ፣ ድንኳኑን ሲደበድብ የዋለው ድምፅ ድንገት ጸጥ አለ። አባራ ብለን ነበር። የሺሃረግ ቀድማ ወጥታ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘረጋች። ቄሱ አማተቡ። ኑሀሚን እንግሊዝኛውም አማርኛውም ጠፋት። እኔ በዚህ ጉልበቴ እስከ መለኪያው ሄጄ፣ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ብዙ አልቆየም። ገብቼ የማንተግቦሽን ደብተር ገለጥሁና እሷ ከጻፈቻት የመጨረሻ መስመር ሥር በገዛ እጄ ጻፍሁ።

ምን ብዬ እንደ ጻፍሁ አልነግርዎትም።

የሺሃረግ አትናገርም። ኑሀሚን ፎቶ እንዳታነሣ ከልክያታለሁ፤ ታዝዛኛለች። ቄሱን ላስምላቸው ብዬ መሐላ አይሆንም አሉኝ፤ ከተጠየቁ ግን የሰው ምስጢር አላወጣም እንደሚሉ ቃል ሰጥተውኛል። ለማየት የሚቻልበት ቀን ነበር፣ ክቡር ሆይ። ጥሪ ነበረዎት፤ ወንበርም ነበረዎት፤ ከፊት ረድፍ ከቄሱ ቀጥሎ ያለው የእርስዎ ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ የማኅበሩ አባል አይደለሁም። ደብተሩን ለመገልበጥም ሆነ ለመጠየቅ ወደ ቤቴ ሰው እንዳይልኩ በትሕትና እለምናለሁ። መዝገባችሁ ላይ ስለ ቀረው ባዶ ቦታ ግን አይጨነቁ፤ ስብሰባ ይጥሩና በአብላጫ ድምፅ ይሙሉት።

ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ ጥርት ያለ ሰማይ እየተመኘሁልዎት፣ ወንበርዎን ሳያነሣ የእርስዎን መምጣት እስከ ምሽት ድረስ የጠበቀው፣

አምኃ ይመር
የማንተግቦሽ ባል
ዋይንድሃም ቬል፣ ነሐሴ 7 ቀን 2006 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ወልደአማኑኤል ካፖርቴን ይመልስልኝ። እንደ ረጠበ ቢሆን በመለኪያዬ ላይ ጨምቄው፣ ተራራው ላይ ስንት ሚሊሜትር ስኖው እንደ ጠበቃችሁ እነግራችሁ ነበር። በሰው እጅ እንዳይልከው፤ ራሱ ይዞት ይምጣ። መንገዱ ክፍት ነው።