ካርዱ ላይ ያለው ጫካ

አንቺ ድስት አሳራሪ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኔ እግሬ ውሃ ከመቋጠሩ በቀር ደህና ነኝ።

በዚህ ፖስትካርድ ፊት ያለውን አረንጓዴ ጫካ አየሽው? ዛሬ ካርዱን ይዤ እሱን ፍለጋ በእግሬ ስዞር ዋልኩ። እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ጥቁር፣ ሰደድ እሳት የበላው ግንድ ጥቁር፤ የዱሮው ቃጠሎ የቱ፣ የቅርቡ የቱ እንደሆነ አይለይም። የድስትሽ ቂጥ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

አመሻሽ ላይ አንድ ሽማግሌ የደን ጠባቂ አገኘሁ። «አባቴ፣ እዚህ ጫካ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አልኳቸው። ከሰል ባጠቆረው እጃቸው ካርዱን ተቀብለው ትክ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ መሃሉ ላይ ቆመሻል» አሉኝ። «ድንጋዩ የጥንት ነው፤ ጫካው የነደደው ግን አምና ነው።»

እግዜር ያጥናዎት ልበል? ለዛፍ ይባላል እንዴ? አንቺ ብትኖሪ ታውቂው ነበር፤ እኔ አጠገባቸው ቆምኩ።

ቦታው አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ወንድምሽንም ያዋሰኝ ጫማ ነጭ እንደነበር ይርሳው በይው። ጥጉ ላይ ያለው ጥቁር አሻራ የሽማግሌው አውራ ጣት ነው። እንዳትጠርጊው፤ የጫካው ፎቶ አሁን እሱ ነው።