የማጠናከሪያው ሳምንት

ሰኞ፣ ሰኔ 6

አያ ደሴ ሞቱ። ወንድሜ ይሁኔ ነው ጠዋት ደውሎ የነገረኝ። ጸጉር ቤት ሆኜ የደንበኛ ጸጉር በእጄ ይዤ ስለነበር ስልኩን በትከሻዬ ጆሮዬ ላይ አጣብቄ ሰማሁት። አሥር ቀን ሳሉ፣ ከዚያ ትንፋሽ አጠራቸው፣ ትናንት ቅዳሴ ሲወጣ አረፉ። ምን እንደገደላቸው የመረመረ የለም። ይሁኔ «ሳንባ ምች ነው» ይላል። ኮሮና የሚለውን ቃል አፉ ላይ ማምጣት አይፈልግም፤ እኔም አላነሣሁበትም።

ያስፈራኝ ሌላ ነው። የአያ ደሴንና የእኛን ቤት የሚለየው አንድ የበቆሎ ማሳ ብቻ ነው። አባቴ ሲያስታምሟቸው ነው የሰነበቱት። አባቴ ደግሞ አስም አለባቸው፤ ሰባን ካለፉም ቆይተዋል።

ስልኩን ልዘጋ ስል «ሌላም አለ» አለኝ። የጤና ኬላ ሰዎች ቅዳሜ ቤት ለቤት እየዞሩ የኮሮናን ማጠናከሪያ ክትባት ሊሰጡ ነው። አባቴን አስቀድመው ሲጠይቋቸው «ልጄ ውባንቺ ካለች እወጋለሁ፣ ካላለች አልወጋም» ብለው መልሰዋል።

እኔ ካልኩ!

የሰኔ ጾም ዛሬ ገባ። እህል ሳልቀምስ ዋልኩ። ስለ ጾሙ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 7

ለምን እንዲህ እንደጨነቀኝ ልጻፈው። ለማንም ሙሉውን ተናግሬው አላውቅም። ሁሉን ቢናገሩት ሆድ ባዶ ይቀራል ይባላል። የኔ ሆድስ ባዶ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ባለፈው ኅዳር የመጀመሪያው ዘመቻ ሲመጣ ከፍኖተ ሰላም ገጠር ድረስ ሄጄ የወተወትኳቸው እኔ ነኝ። አባቴ ቶሎ እሺ አሉ። እናቴ ግን «እኔ ምን ሆንኩና?» አለች። ቀኑን ሙሉ ነዘነዝኳት። በማግስቱ ነጠላዋን ደርባ ከአባቴ ጋር ጤና ኬላው ሄደች። አንዴ ብቻ የሚሰጠውን ዓይነት ተወጉ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ላም ስታልብ ወደቀች። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ከዚያ ወዲህ አይታዘዙላትም። ንግግሯ አንድ ወይ ሁለት ቃል ነው፤ እሱም ከብዙ ትግል በኋላ።

ሐኪሙ «የደም ግፊት ነው፤ ከክትባቱ ጋር አላያይዘውም» አለኝ። እውነትም የግፊት ኪኒኗ ሳይነካ ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ለወራት ትታው ኖሯል። ሐኪሙን አምኜዋለሁ። ሰው መሃል ስሆን አምነዋለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ያ ስነዘንዛት የዋልኩበት ቀን ይመጣብኛል።

ዛሬ ጸጉር ቤቱ ውስጥ ወሬው ይኸው ክትባት ነበር። አንዷ «የተወጋ ሰው ከሁለት ዓመት አያልፍም» አለች። ሌላዋ «እሱስ ባልከፋ፤ መካን ነው የሚያደርገው» አለች። ስድስት ወልዳለች፤ ሳቅንባት። ሦስተኛዋ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፣ እኔ አልነካውም» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ቀና በይ፣ ሹሩባው ይጣመማል» አልኳት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 8

ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት ነርስ ደንበኛ አለችኝ። ሲስተር ነው የምላት። ሥራ እስክትወጣ በር ላይ ጠብቄ አገኘኋት። የአባቴን ዕድሜ፣ አስማቸውን፣ የአያ ደሴን ነገር ዘረዘርኩላት።

«ቢወስዱ ይሻላል። የራሴን አባት አስከትቤያለሁ» አለችኝ።

«ዋስ ትሆኚኛለሽ?»

አልሳቀችም። «ውባንቺ፣ ለሰው ነፍስ ዋስ የሚሆን ነርስ የለም። የሚሻለውን ነው የምነግርሽ» አለች።

ስለ እናቴም ጠየቅኋት። ግፊቷ ከተስተካከለ የሚከለክላት የለም፣ ብቻ ሳይለኩ እንዳይሰጧት አለችኝ። ለነገሩ ያህል ነው የጠየቅሁት። እናቴን ማንም ሁለተኛ በመርፌ አይነካትም።

ቤት ገብቼ የደንበኞች ቀጠሮ በምጽፍበት ወረቀት ጀርባ ላይ ይህን ጻፍኩ፦

ቢወጉና አንድ ነገር ቢሆኑ፦ እኔ ነኝ።
ባይወጉና ቢታመሙ፦ እኔ ነኝ።
ቢወጉና ደህና ቢሆኑ፦ እግዚአብሔር ነው።
ባይወጉና ደህና ቢሆኑ፦ እሱም እግዚአብሔር ነው።

ሌላ መስመር ፈልጌ አጣሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 9

አባቴ ጋ ደወልኩ።

«አባባ፣ አንቱ ራስዎ ምን ይላሉ?»

«እኔማ ምን አውቄ ልጄ። ፊደል የቆጠርሽው አንቺ።»

«ስምንተኛ ክፍል ነው እኮ ያቆምኩት።»

«እኔ ከጀመርኩበት ይርቃል።» ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። ቆየ። «አባባ?» አልኩ። «ጭሱ ነው፣ ጭሱ ነው» አሉ። ጭስ ይሁን ሌላ፣ እዚህ ሆኜ በምን ልወቅ?

ከዚያ ይሁኔ ስልኩን ተቀበላቸው። ወደ ውጭ ሲወጣ የእግሩ ኮቴ ይሰማኛል።

«እንግዲህ ተናገሪ» አለኝ። «ያኔ አንቺ ስትወስኚ እናታችን ተኛች። አሁንም ወስኚና አባታችንን እናስተኛ።»

ሰባት ወር ሙሉ ውስጡ እንዳለ አውቅ ነበር። በጆሮዬ ስሰማው ግን ሌላ ሆነብኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ጠዋት ማታ አዝሎ የሚያወጣትና የሚያስገባት እሱ ነው። የምታጥባት ሚስቱ ናት። እኔ ኪኒን እልካለሁ፤ «ዋጠችው ወይ?» ብዬ እደውላለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው።

ነገ እሄዳለሁ። ሄጄ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ዓርብ፣ ሰኔ 10

እስከ ቡሬ በሚኒባስ፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሌላ። ከቡሬ እንደወጣን ዝናቡ ወረደ። ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር አምስት ሆነን ነበር። መስኮቱ ጥግ አንድ ሰውዬ ሳለ። ሁላችንም ዞረን አየነው። ሰውዬው ይቅርታ የሚል ይመስል አንገቱን ደፋ። ዝናቡ እንዳይገባ ብሎ መስኮቱን የከፈተ የለም። ማስኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ብቻዬን ማድረጉ አሳፈረኝና ሳላደርገው ደረስኩ። ሰው ይከተብ አይከተብ ልወስን ብዬ የምሄደው ይህችው እኔ ነኝ።

ከሽንዲ ወዲያ በእግር ነው። ጭቃው ጫማዬን አንዴ ሲውጠው አውልቄ በእጄ ያዝኩት።

አባቴ አልነበሩም። ልቅሶ ቤት ናቸው። እናቴ መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፎላት ተቀምጣለች። ጎንበስ ስልላት በግራ እጇ ጉንጬን ያዘችኝ። ከስታለች። እጇ ግን ጠንካራ ነው፤ የሁለቱም ጉልበት ወደ አንዱ የሄደ ይመስላል። ይሁኔ ከበቆሎ ኩትኮታ ገብቶ «ደህና መጣሽ» አለኝና እግሩን ሊታጠብ ወጣ።

አባቴ አመሻሽ ላይ መጡ።

«ልቅሶ ቤቱ ሰው በዝቷል?» አልኳቸው።

«ድንኳኑ ሙሉ ነው።»

«የሚስል ሰው አለ?»

«ልጄ፣ ሰው ወዳጁ ሞቶበት እየሳለም ቢሆን ይመጣል። ደሴን ብቻውን ልተወው?» ተቀመጡና «ታዲያ ምን ወሰንሽልኝ?» አሉ።

«ነገ» አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 11

ረፋድ ላይ መጡ። የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሰብለ ናት፤ አንድ ባልደረባዋ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ይዞ ይከተላታል። ገና ከግቢው በር ስሜን ጠራች።

«አባባ፣ ዝግጁ ነዎት?» አለች።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ይሁኔ በሩን ተደግፎ ወደ እኔ ዞረ። ሰብለ ነገሩ ባይገባትም እሷም ዞረች። አፌን ከፈትኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ የከረምኩት፣ ሲስተር ያለችኝ፣ ሁሉም የት እንደገባ አላውቅም። ቃል አልወጣኝም። እናቴ አፏን ከፍታ ቃል ስታጣ ምን እንደሚሰማት የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከመደቡ በኩል ድምፅ ሰማን። እናቴ በግራ እጇ የቀኝ እጅጌዋን ይዛ ወደ ላይ እየጎተተች ነው።

«እኔ» አለች።

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን።

«እኔ!» ደገመችው፣ በቁጣ።

ይሁኔ ሮጦ ደረሰ። «እማ፣ አይሆንም! የመጡት ላንቺ አይደለም።» እጅጌዋን መልሶ ሊያወርድ ሲል እጁን መታችው። ቀና ብላ አየችው። ከንፈሯ ብዙ ታገለ።

«ያኔም… እኔ» አለች።

ይሁኔ እጁን ሰበሰበ።

ሰብለ ሳትቸኩል ሠራች። ግፊቷን ለካች፤ ጥቂት አሳርፋ ደግማ ለካች። ጤና ጣቢያ ደውላ የእናቴን ነገር ከመጀመሪያው አስረዳች። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠች። «ኪኒንዎን በደንብ ወስደዋል፤ ልኬትዎ ጥሩ ነው። ክትባቱን ይፈልጋሉ እማማ?» እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «በደንብ አስበውበታል?» እንደገና ነቀነቀች። ሰብለ «እንግዲያው በደህናው እጅ» ብላ ወደ ግራዋ ዞረች። ይሁኔ ጥሎ ወጣ። የተወጋችው እናቴ፣ ያለቀስኩት እኔ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቁም። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና «እኔስ ከሚስቴ ላንስ ነው?» አሉ።

ሰብለ መዝገቧ ላይ ጽፋ ስታበቃ «አንቺስ ውባንቺ? ማጠናከሪያውን ወስደሻል?» አለችኝ። አልወሰድኩም። ከተማ ሲሰጥ ሥራ በዛብኝ ብዬ አልፌዋለሁ፤ ሥራ አልነበረም። «እነሱን የሚያስታምም ሰው ያስፈልጋል። ሌላ ጊዜ» አልኳት። መዝገቧን ዘጋች። ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ።

ፈርቼ ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም።

እሑድ፣ ሰኔ 12

ዛሬ ሚካኤል ነው። አባቴ ሚካኤልን ሳይሳለሙ የቀሩበትን ዓመት አላስታውስም። ዛሬ ቀሩ። ሰውነታቸው ይተኩሳል፣ ክንዳቸውን ያማቸዋል። ሰብለ አንድ ሁለት ቀን እንዲህ ሊያደርጋቸው እንደሚችል ነግራኛለች። ነግራኛለች፣ ግን በየደቂቃው ግንባራቸውን እነካለሁ። «እጅሽን ከላዬ አንሺ፣ ምጣድ አደረግሽኝ» አሉኝ። እናቴ ትኩሳት የላትም። ትተኛለች፣ ትነቃለች፣ ትተኛለች።

ይሁኔ ከትናንት ጀምሮ አላናገረኝም ነበር። ከሰዓት በኋላ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ያኔም እኔ ስትል ምን ማለቷ ነው?»

«ያኔም የወሰንኩት እኔ ራሴ ነኝ ማለቷ ነው» አልኩት። ሌሊቱን በልቤ ስለው ስላደርኩ ቶሎ ወጣልኝ።

ራሱን ነቀነቀ። «አይደለም። ያኔም የተጎዳሁት እኔ ነኝ፣ አሁንም በኔ ይሁን ማለቷ ነው። ለአባታችን ብላ ነው።»

ይህ አልታየኝም ነበር። ከሰማሁት በኋላ ደግሞ እሱም እውነት መሰለኝ።

አባቴ ያልተኙ ኖሯል። «እናንተዬ» አሉ ከጋቢው ውስጥ፣ «ሁለት ቃል ብቻ ቀርቷት እንኳ ቅኔ ተቀኘችባችሁ?»

ይሁኔ ሳቀ። ከኅዳር ወዲህ ከእኔ ጋር ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እናቴን ስትነቃ ጠየቅኋት። «ያኔም እኔ ያልሽው ምንድን ነው እማ?» ረጅም ጊዜ አየችኝ። ዓይኗን ጨፈነች። መተኛቷ ይሁን እምቢ ማለቷ አልለየሁም።

ሰኞ፣ ሰኔ 13

ሦስተኛው ቀን ዛሬ ነው።

የአባቴ ትኩሳት ጎሕ ሲቀድ ለቀቃቸው። ተነሥተው የበርበሬውን ችግኝ ካላየሁ ብለው ወጡ። ሳሉ አሁንም አለ። ከትናንቱ ይብስ ይነስ እየቆጠርኩ ነበር፤ ቁጥሩ ጠፋብኝ፣ ተውኩት።

ይሁኔ እርሻ አልወረደም። ዝናቡ አባርቶ ሰው ሁሉ ማሳ ላይ ነው፤ እሱ ግን ቤት ውስጥ ተቀምጦ አንዲት መጥረቢያ ይስላል። ስለቱ ካለቀ ቆይቷል፤ አሁንም ይስላል። እኔ የተለቀመ ምስር እንደገና እለቅማለሁ። ሁለታችንም የምናየው እናቴን ነው። ደረቷ ከፍ ሲል እሱ መሞረዱን ያቆማል፣ ዝቅ ሲል ይቀጥላል። ትንፋሿ ትንሽ የዘገየ ሲመስለኝ ሰፌዱን ይዤ ግማሽ እነሣለሁ።

እሱ የሚፈራውን እፈራለሁ፤ እኔ የምፈራውን ይፈራል። ስንነጋገር ግን ስለ ዝናቡ ነው።

ረፋድ ላይ እናቴ ነቃች። መጀመሪያ እሱን አየችው፣ ቀጥሎ እኔን። ሁለታችንም ሥራችንን ጥለን ዓይን ዓይኗን እያየናት ነበር። ግንባሯ ተቋጠረ። ያኔም ከመውደቋ በፊት ግንባሯ ተቋጥሮ ነበር ብለውኛል። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ታገለ።

«ሂዱ» አለች። በግራ እጇ እንደ ዶሮ አባረረችን። «ሥ… ራ።»

ይሁኔ አየኝ። እኔም አየሁት። ሥራ የሚለውን ቃል ከወደቀች ወዲህ ብላው አታውቅም።

ወጣን። ከበሩ ግን አልራቅንም። እሱ በአንዱ መቃን፣ እኔ በሌላው ቆመናል፤ ይህን እዚሁ ሆኜ እጽፋለሁ። ቀኑ ገና አልተጋመሰም።