ግትር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9

ደመና። ትንሽ ነፋስ ከሰሜን። ማሽኑ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳ።

ወደቡ ባዶ እየሆነ ነው። ክሬኑ ቀኑን ሙሉ ጀልባ ከውሃ ሲያወጣ ዋለ። ሁሉም በሸራ ተጠቅልለው እስከ ኤፕሪል ይተኛሉ። ጎረቤቴ ገመዱን እየፈታ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ እኔ ምን ልሠራ እንደምገባ ጠየቀኝ። ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ውሃ ላይ እንደምውል ነገርኩት። ብቻሽን? አለ። ብቻዬን። ራሱን ነቅንቆ ወደ ገመዱ ተመለሰ።

ጀልባዬ ሰባት ሜትር ብረት፣ አንድ ጠባብ አልጋ፣ አንድ ትንሽ ምድጃ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ጎኗ ላይ በትልቁ «ግትር» ብሎ ጽፎባታል። የጀልባ ስም የቀየረ ገድ አይቀናውም ይላሉ። እኔ ግን የተውኩት ስለወደድኩት ነው።

ሐይቁን ዞሬ ተመለስኩ። የአተር ሾርባ ሠራሁ። ለሁለት ሰው የሚሆን... እጄ ልኩን ገና አልተማረም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 10

የማሽኑን ውሃ አፈሰስኩ። ቁልፉን ቧንቧው ላይ ሰቀልኩ። ማንም አላየኝም። ማን እንዲያይልኝ ነው የምፈልገው?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 23

የመጀመሪያው ውርጭ። ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት የመርከቢያው እንጨት ነጭ ሆኖ አደረ። እንግዲህ ልጻፈው። አንድ ጊዜ ብቻ።

ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ክረምት ማለት አባዬና እኔ ጀልባችን «ስክሪስ» ላይ ማለት ነበር። ስክሪስ ብርድ ሲመጣ ወደ ደቡብ የሚሸሽ ወፍ ነው። «ወፉ ይሂድ፣ እኛ አለን» ይል ነበር አባዬ ጀልባውን ሲፈታ። በየክረምቱ፣ ያችኑ ቀልድ። ቀጭኑ በረዶ በብረቱ ጎን ሲሰበር እንደ መስታወት ይጮሃል። እሱ መሪው ላይ፣ እኔ ደረጃው ላይ። ሰዓት ሙሉ ቃል አንተነፍስም። ከሌላ ሰው ጋር እንዲያ ዝም ማለት አልችልም። ሞክሬያለሁ።

እሑድ ወደ ቤት ከመመለሳችን በፊት ማሽኑን ማፍሰስ የእኔ ሥራ ነበር። ማሽኑ የሚቀዘቅዘው ከቦዩ በሚስበው ውሃ ነው። ውሃው ውስጡ ከቀረና ውርጭ ከመታው ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ማፍሰሻውን ቧንቧ ከፍተህ ታደርቀዋለህ፣ ከዚያ የማስነሻውን ቁልፍ እዚያው የቧንቧው እጀታ ላይ ትሰቅላለህ። ቁልፉን የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ ቧንቧውን ያያል። አባዬ ነው ያስተማረኝ። አንድ እሑድ አልረሳሁም። አንድም።

ባለፈው ጃንዋሪ ማሽኑ ተሰንጥቆ ተገኘ። ቧንቧው ዝግ። ቁልፉ በሩ አጠገብ፣ ሚስማር ላይ። ወንድሜ ሲብረን፣ መጨረሻ የነካችው ዊትስከ ናት አለ። እኔ አፍስሻለሁ አልኩ። አባዬ ፊቴን አላየም።

«ማሽን አይዋሽም» አለ።

ያንን ብቻ። ከዚያ ቤት ወጣሁ። አሥር ወር ሆነ። ስክሪስ ተሸጠች። ይቅርታ ጠይቂና ይለቅ ይላሉ ዘመዶቼ። ላልሠራሁት? እንጃላቸው።

እሑድ፣ ዲሴምበር 8

ከድልድዩ አሁን ተመለስኩ። 

ጀልባ ሲያልፍ የሚከፈተው የሐይቁ ድልድይ ላይ በክረምት ሙሉ ቀን የሚቀመጥ ሰው የለም። አንድ ቀን ቀድመህ ትደውላለህ፣ የጀልባህን ስምና ሰዓቱን ትናገራለህ፣ ሬንሰ መዝገቡ ላይ ይጽፉና በሰዓቱ መጥተው ይከፍታሉ። ሬንሰ ሠላሳ ምናምን ዓመት ድልድይ ሲከፍቱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰውን የሚጠሩት በጀልባው ስም ነው። ዛሬ ድልድዩ ጋ ስደርስ ጉሙ አፍንጫዬን አላሳይ አለኝ።

በመስኮቱ ብቅ አሉና «ነይ ግቢ አንቺ ግትር፣ እዚያ ቆመሽ ከምትደርቂ» አሉኝ።

ጎጇቸው ሞቃት ናት። ቡና ቀዱልኝ። አምናም በክረምት ውሃ ላይ የወጣ እብድ ጥቂት እንደነበር ለማሳየት የአምናውን መዝገብ አምጥተው ገለጡልኝ። ክረምቱ ሁለት ገጽ አልሞላም፤ የሁለቱም ገጽ ግማሽ እኔና አባዬ ነን። ቅዳሜ፣ ስክሪስ። እሑድ፣ ስክሪስ። ቅዳሜ፣ ስክሪስ። በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ።  እያንዳንዱን ቀን አስታውሰዋለሁ።

ከዚያ... ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 17፣ ስክሪስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ረቡዕ? ያን ረቡዕ እኔ ዴልፍት ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ፣ የመጨረሻው የውሃ ምህንድስና ፈተናዬ ላይ። ከባዱ ውርጭ የገባው ሐሙስ ነው።

ማን ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። ወንድምሽ ነዋ፣ አሉ፤ ቀይ ኮፍያ ካደረገች ልጅ ጋር። እየሳቁ አለፉ። ጀልባዋ የቤተሰቡ ሁሉ ስለሆነች ያኔ ምንም አልመሰላቸውም።

ስልኬን አውጥቼ ገጹን ፎቶ ላነሳ ጎንበስ አልኩ።

«ለአባትሽ ከሆነ አትድከሚ» አሉ። «ኤፕሪል ላይ መጥቶ ይችኑ ገጽ አስገልጦኛል። እዚያው አንቺ የተቀመጥሽበት ተቀምጦ አነበባት።»

ኤፕሪል።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 9

ቢሮ ዋልኩ። አንድ ሥራ አልሠራሁም።

እስከ ትናንት የምመኘው ማስረጃ ነበር። አባዬ ያላመነኝ እውነቱን ስላላወቀ ነው እል ነበር። አሁንስ? ያውቃል። ስምንት ወር ሙሉ ያውቃል። ስልኬን ያውቃል፣ ቤቴን ያውቃል፣ የገዛኋትን ጀልባ ሳይቀር ያውቃል። ሲብረን ፈሪ ነው፣ ድሮም አውቀው ነበር። የእሱ አያቃጥለኝም።

ያወቀ ሰው ይምጣ። እኔ ደጁ አልሄድም።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 26

የገና በዓል ሁለተኛ ቀን። ጀልባዋ ውስጥ ነኝ። ዝናብ ጣሪያውን ይደበድባል። እናቴ ደወለች። አባትሽ ቃል የሚከብደው ሰው ነው፣ ታውቂው የለም ወይ አለችኝ። «ማሽን አይዋሽም» ለማለት አልከበደውም አልኳት።  ከኋላዋ ቴሌቪዥኑ ይሰማል፣ ከዚያ የአባዬ ሳል። ሳሉን ስሰማ ዓይኔ ሞላ። ስልኩን ቶሎ ዘጋሁት፣ እንዳይታወቅብኝ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 11

የእናቴ ስድሳኛ ልደት። ለእሷ ስል ሄድኩ።

እንደ ወጉ ወንበሮቹ ክብ ሠርተው፣ አክስቶቼ ኬካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው። አንድ በአንድ እየዞርኩ እንኳን አደረሳችሁ አልኩ። አባዬ ጋ ስደርስ እጁን ጨበጥኩ። እጁ ቀጥኗል። መቼ?

ሲብረን «ፕሮፌሰሯ መጣች፣ ማሽናችሁን ደብቁ» አለ። አክስቶቼ ሳቁ። ተረጋግቼ ተቀመጥኩ። ኬኬን ጨረስኩ። ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

«ሲብረን፣ አምና ጃንዋሪ 17፣ ረቡዕ፣ በሬንሰ ድልድይ ከአንተ ጋር ያለፈችው ባለ ቀይ ኮፍያ ማን ነበረች?»

ከጎኑ የተቀመጠችው እጮኛው ዞር ብላ አየችው። እሷ ቀይ ኮፍያ የላትም። የሲብረን ሁለት ጆሮ ቀልቶ ቁራጭ ሥጋ መሰለ። ቀኑን ተሳስተሽ ነው ምናምን ማለት ጀመረ። አልሰማሁትም። የማየው አባዬን ነው። አንድ ቃል። ከሁሉም ፊት አንድ ቃል ብቻ ይበል...

ሹካውን ይዞ ሳህኑን አየ።

ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። እናቴ በረንዳው ድረስ ተከተለችኝ። የሰጠሁሽ ስጦታ ውስጥ የመለወጫ ደረሰኙ አለ አልኳት። 

እሑድ፣ ጃንዋሪ 26

ቀጭን በረዶ። ብቻዬን ሰበርኩት። ድምፁ ያው ነው። ያው መሆኑ ነው የከፋው። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞሬ «ሰማኸው?» ልል ነበር።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7

ሬንሰ ደወሉ። የነገውን ሰዓት ወደ አራት ተኩል ብናደርገው ይመችሽ እንደሆነ ብለው። የምን ሰዓት? እኔ ለነገ አልደወልኩም። ውርጭ ስለሚመጣ ላልወጣ ነበር።

መዝገባቸውን ሲገልጡ ተሰማኝ። «ይኸውልሽ» አሉ። «ግትር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ትናንት ነው የተደወለው።»

ማን ደወለ አልኩ።

«ስሙን አልጠየቅኩትም። እኔ የምጽፈው ጀልባ ነው።» ቀጥለው፣ «ይሳል ነበር» አሉ።

አራት ሰዓት ይሁን፣ አይቀየር አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8

አባዬ ድልድዩ ሥር ባለው መጠበቂያ መርከቢያ ላይ ቆሞ ነበር። ያ አሮጌ ሰማያዊ ካፖርት። በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ደረቱ ላይ አቅፎ።

ጀልባዋን መሐል ውሃ ላይ አቆምኳት። አልተጠጋሁም። ሬንሰ መስኮታቸው ላይ ናቸው፤ ድልድዩን አልከፈቱም፣ ውስጥም አልገቡም።

«ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነበር» አለ አባዬ። መጮህ ነበረበት፣ ማሽኑ እየሠራ ነው። «አንቺ ሚስማር ላይ ሰቅለሽ አታውቂም። ያኔውኑ ነው ያወቅኩት። ኤፕሪል ድልድዩ ጋ የሄድኩት ለማረጋገጥ ብቻ ነው።»

ያኔውኑ። ታዲያ ለምን በእኔ ላይ እንዳላከከ ጠየቅኩት። ድምፄ እንዳይሰበር ጥርሴን ነክሼ።

«ሲብረን ይሰበራል፣ አንቺ ግን ትችይዋለሽ ብዬ።»

«አልቻልኩትም» አልኩ።

ይህን ለማንም ብዬው አላውቅም ነበር። ለዚህ ደብተር እንኳ።

ድስቱን መርከቢያው ላይ አስቀመጠና ቀና አለ። «ማሽኑ አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ትናንት ለሲብረንም ለእናትሽም ነግሬያቸዋለሁ፤ ለአክስቶችሽም እነግራለሁ። ይቅር በይኝ፣ ዊትስከ።»

  ገመዱን አንስቼ ወረወርኩለት። ቀለበው።

ሬንሰ የድልድዩን መብራት አረንጓዴ አደረጉት።

ከድልድዩ ማዶ ሐይቁ በቀጭን በረዶ ተሸፍኗል። መሪውን እኔ ያዝኩ። እሱ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ድሮ እኔ የምቀመጥበት። በረዶው መጮህ ሲጀምር ዞሬ አየሁት። ሰምቶታል። እስከ ቀትር ቃል አልተነፈስንም። የድስቱ ሾርባ ለሁለት ሰው የተሠራ ነበር፤ ምንም አልተረፈም።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

ከዜሮ በታች ዘጠኝ። ጠዋት ወደ ወደቡ ወረድኩ፤ ትናንት ስንለያይ ልቤ ሌላ ቦታ ስለነበር ማሽኑን ሳላፈስ መሄዴ ትዝ አለኝ። እየሮጥኩ ክዳኑን ከፈትኩ።

ደርቋል። ቁልፉ ቧንቧው ላይ ነው።

እኔ አልሰቀልኩትም።