የክንፉ ስንጥቅ

ጁባ፣ ንያኩሮን
መጋቢት 2010

ውድ ዋል፣

ክንፉን ሞላሁት። "እኔ ሳልመጣ እንዳትነኪው" ብለኸኝ ነበር፤ ነካሁት። ከተቆጣህም ተቆጣ።

ከናይሮቢ ያስመጣኸውን፣ እየገጣጠምክ የምትሠራውን የፕላስቲክ አውሮፕላን ነው የምልህ፣ ባለ ሁለት ሞተሩን። የጁላዩ ተኩስ በረድ ብሎ መንገድ ተከፈተ ሲባል፣ የምትሠራበትን ድርጅት መኪና ይዘህ ወደ ዩጋንዳ ድንበር፣ ወደ ንሙሌ ልትወጣ ስትል፣ ክንፉን አጣብቀህ በላስቲክ አስረህ ምግብ ቤቴ ጓዳ መደርደሪያው ላይ ተውከው። መጋጠሚያው ላይ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። "ሲደርቅ ስቱኮ ይፈልጋል፣ ስመጣ እሞላዋለሁ" አልክ። ከዚያ የቀረበልህን ሽሮ ሳትጨርስ ወጣህ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አንተ አታውቀውም፣ ልንገርህ። መጀመሪያ ስልክህ ጠፋ። ቀጥሎ ሰው ተለወጠብኝ። ጋሽ ጫኔ፣ ሆቴላቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው የከተማውን ወሬ ሁሉ የሚያደርሱን ጋሽ ጫኔ፣ እኔ ስገባ ወሬ ያቋርጡ ጀመር። "ዋል እንዴት ነው?" የሚለኝ ሰው ጠፋ። አለመጠየቃቸው ነው የነገረኝ። እኛ እኮ ሞት እየደበቅን ነው ያደግነው። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ በማለዳ እህል ሳይቀምስ ሄደው መርዶውን እስኪነግሩት ድረስ አገር ያውቃል፣ ባለቤቱ አያውቅም። እኔም ራሴ ስንት ሰው ፊት አፌን ይዤ አውቃለሁ። ስለዚህ ገባኝ። ዝም አልኩና መርዶዬን ጠበቅኩ።

አልመጣም። ዓመት ሞላ፣ አልመጣም። ያኔ ሌላ ነገር ገባኝ፤ ለካ ለእኔ መርዶ የለኝም። ሽማግሌ አልላክህም፣ ከብት አልተነዳም፣ ቤተክርስቲያን አልሄድንም። ከሥራ መልስ ጓዳዬ ቁጭ ብለህ ፕላስቲክ የምትሞርድ ሰው ነህ፤ እኔ ደግሞ አጠገብህ ሽንኩርት የምልጥ። ይሄ ስም አለው? ምኗ ነው ብሎ ማን ይነግረኛል? ካልነገሩኝ ደግሞ እንዴት ብዬ አለቅሳለሁ? አንድ ሰው መጥቶ "ያንቺ ሰው ሞተ" እንዲለኝ ነበር የምፈልገው። ያንቺ የምትለዋን። አንገበገበኝ ልልህ ነበር፤ እሱም አልሆነም። ደነዘዝኩ። የሠራሁት ወጥ ጨው ይብዛበት ይነስበት ምላሴ አይለይም ነበር።

ዝም ብሎ ከመቀመጥ ብዬ አውሮፕላኑን አወረድኩት። ላስቲኩ ደርቆ ኖሮ ስነካው ተበጠሰ። ክንፉ ግን ይዟል፤ አጥብቀህ ነው የሠራኸው።

ስቱኮ ፍለጋ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ኸይሩ ጋ ሄድኩ። ቀለምና ሚስማር ሻጩ ኸይሩ፣ ለገዛ ወንድሙ ሰርግ ሱቁን ያልዘጋው። "ለግድግዳ ነው ለመኪና?" አለኝ። "ለፕላስቲክ" አልኩት። የግድግዳውን ሰጠኝ። ደርቆ በብርጭቆ ወረቀት ስነካው እንደ ዱቄት ረገፈ። ተመለስኩ። የመኪናውን ሰጠኝ፣ ማጠንከሪያ የሚጨመርበትን። እሱ ደግሞ ድንጋይ ሆነ። ስፈገፍገው እሱ ንቅንቅ አይልም፣ አጠገቡ ያለው ፕላስቲክ ይበላል። በምላጭ ፈልፍዬ አወጣሁትና እንደገና ሄድኩ።

"ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ምንድነው ግን የምትሠሪው?" አለ ኸይሩ።

"የዋልን አውሮፕላን። ሳይመጣ ልጨርስለት ብዬ።"

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እንጃ። ምናልባት ይነግረኝ ይሆናል ብዬ ነው። አልነገረኝም። ተነሳና በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ቆለፈ። እየመራ ከገበያው ጀርባ መኪና ቀለም ቀቢዎቹ ጋ ወሰደኝ፤ በውሃ የሚሠራውን ጥቁሩን፣ ልስልሱን ብርጭቆ ወረቀት ካላወጣችሁ ብሎ ተጨቃጨቀልኝ። "እያረጠብሽ፣ ቀስ ብለሽ" አለኝ፣ በሽተኛ እንደሚያናግር ሰው። ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

ትክክለኛውን ስቱኮ ያገኘሁት ካንተው ነው። ክፍሎቹ ተቆርጠው የሚወጡባቸውን የፕላስቲክ ዘንጎች በማርማላታ ጠርሙስ ታጠራቅም አልነበር? "ይሄን ቆሻሻ ጣለው" ስልህ "የራሱን ስንጥቅ የሚሞላው የራሱ ትራፊ ነው" ትለኝ ነበር። ከትፈህ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ውስጥ ትጨምረዋለህ፣ ሟሙቶ እንደ ሊጥ ይሆናል። ያኔ አፍንጫዬን ይዤ ስስቅብህ ነበር።

አሴቶኑንና ብሩሹን ፍለጋ ሶሊ የውበት ሳሎን ሄድኩ። ከኸይሩ የገዛሁት ብሩሽ ፀጉሩን ሊጡ ላይ እያራገፈ አስቸግሮኛል። የጥፍር ቀለሙን ብሩሽ አየሁት፤ ጫፉ ሰፊ ነው፣ ዳር ዳሩን ያበላሻል። የቅንድቡ ግን ቀጭን ነው፣ ጫፉ ሰያፍ፣ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ሶሊ ከነማሸጊያው አዲስ አውጥታ ሰጠችኝ። ሶሊ እኮ ናት፣ ማበጠሪያ አውሳህ እስክትመልስ ከበሩ ላይ የማትነሳው።

"አሴቶን ነው፣ ብሩሹ ይበላሽብሻል" አልኳት።

"ይበላሻ" አለችና ፊቷን አዞረች። መስታወቱ ውስጥ ስታለቅስ አየኋት። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ ብሩሽ እመርጣለሁ። ይዤ ወጣሁ።

ሞላሁት። ሲደርቅ ይሰምጣል፣ እንደገና ሞላሁት። አረጠብኩ፣ ፈገፈግኩ፣ ጠረግኩ። "በዓይን አይታወቅም፣ በጥፍር ነው" ትል ስለነበር ጥፍሬን እያሳለፍኩ ፈተሽኩ። እዚያ ላይ ሳለሁ ምንም አላስብም ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ።

ባለፈው ሰኞ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ጫኔ ናቸው፣ ሶሊ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ኸይሩ ከኋላ። ከእነሱ ጋር አንዲት ረጅም ሴት፣ ግንባሯ ያንተ ግንባር።

"እህል ቀምሰሻል?" አሉኝ ጋሽ ጫኔ።

"ኧረ አልቀመስኩም።"

"እስቲ ቁጭ በይ ልጄ።"

ተቀመጥኩ። ሴትየዋ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። "ጆይ ነኝ፣ የዋል እህት። ከጋምቤላ ነው የመጣሁት። ወንድሜ የለም፣ ፀሎት። ያኔውኑ፣ ንሙሌ መንገድ ላይ። ድርጅቱ ለእናቴ ደውሎላት ነበር። እኛ 'የጁባ ሰዎች ነግረዋታል' አልን፤ እነሱ ደግሞ ቤተሰቡ ይነግራታል ብለው ተቀምጠዋል። እናቴ ተቀይማሽ ነበር። 'የልጄ ሚስት እንዴት እግዜር ያጥናሽ አትለኝም' ትላለች። ኸይሩ 'ልጅቷ እየጠበቀችው ነው፣ አውሮፕላኑን ትሠራለታለች' ብሎ ለጋሽ ጫኔ ነግሯቸው፣ እሳቸው ሲደውሉልን ነው ያወቅነው። እናቴ 'አንቺው ሂጂ፣ በወጋቸው ንገሪያት' አለችኝ።"

"ማን ነው ያለችኝ?" አልኳት።

"ማ?"

"እናታችሁ። ስትቀየመኝ ማን አለችኝ?"

"የልጄ ሚስት። ዋል እንደዚያ ነው የነገራት።"

ለእኔ ሳትነግረኝ ለእናትህ ነገርካት። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም። ሶሊ ጮኸችልኝ። ምግብ ቤቱ ተዘጋ፣ ወንበሩ ደጅ ወጣ፣ ሰው እየመጣ "እግዜር ያጥናሽ" አለኝ። አንድም ሰው ምኑ ነሽ አላለኝም። እኔ ግን እንደ ደረቅኩ ነበርኩ። እንዲያው ከሰው ለቅሶ የመጣሁ ነው የመሰለኝ።

ትናንት ለቀስተኛው ሲቀል ጆይ ጓዳ ገብታ አውሮፕላኑን አየችው። "የቱ ጋ ነበር የተሰነጠቀው?" አለችኝ።

"እዚህ ጋ" ብዬ ጣቷን ይዤ ክንፉ ላይ አሳለፍኩት። ምንም አይነካም። የራሴን ጥፍር አሳለፍኩ። ደግሜ አሳለፍኩ። አጣሁት። "ስመጣ እሞላዋለሁ" ያልከኝ እሱን ነበር። የምትመለስበት ምክንያት የቀረህ እሱ ብቻ ነበር፤ እኔው በገዛ እጄ ደፈንኩት። ያኔ ነው የጮህኩት፣ ዋል። ንያኩሮን ሙሉ እስኪሰማ ጮህኩልህ።

ቀለም አልቀባሁትም፤ ቀለሙን አልነገርከኝም። ጆይ እንዳለ ለእናትህ ይዛው ትሄዳለች። ብሩሹን እኔ አስቀርቼዋለሁ። ነፍስህን ይማር እንዳልልህ እስከ ሰኞ ድረስ አፌ ታስሮ ነበር። አሁን እችላለሁ። ነፍስህን ይማረው።

ሚስትህ፣
ፀሎት