በራሱ እስኪበላ

ግንቦት 4

ሥራ ውዬ መጣሁ። ከሳንሱሲ ቀራንዮ በታክሲ፣ በሁለት ሰው መቀመጫ ሦስት ሆነን። በዛብህ የሳሙና ካርቶን ታቅፎ ደጅ ቆሟል። ታናሽ ወንድሜ ወይ ባዶ እጁን ይመጣል፣ ወይ የሚያስቸግር ነገር ይዞ። ስከፍተው... የበቀቀን ጫጩት። ገና ላባው አልሞላም፣ ሆዱ ብቻ ነው የሚታየው። አስኮ፣ እሱ ቤት በሚያሠራበት ግቢ፣ ትልቁን ወይራ ሲጥሉት ከግንዱ ጉድጓድ የተረፈው ይኼ ብቻ ነው።

«ፀዲ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ። ፋርማሲ አይደለሽ? በራሱ መብላት ሲጀምር ለናዝራዊት እወስደዋለሁ።»

ናዝራዊት ልጁ ናት። ሽሮፕ መሸጥ በቀቀን ማሳደግ ሆነና አረፈው። እሺ አልኩ። ለምንድነው ሁሌ እሺ የምለው?

ግንቦት 9

አልሞተም። የሕፃን ገንፎ አቅጥኜ በሲሪንጅ እሰጠዋለሁ። ከሞቀ ያቃጥለዋል፣ ከቀዘቀዘ አይፈጭለትም። ክንዴ ላይ ጠብ እያደረግሁ እለካለሁ፣ እናቶች ጡጦ እንደሚለኩት። ከማን እንደተማርኩት እንጃ፤ ልጅ የለኝ።

እማዬ ጎመን አለችው። «አረንጓዴ ነው፣ ከቤት አይጠፋም» ብላ። የምሳውን እሷ ትሰጠዋለች፣ እኔ ሥራ ስለሆንኩ።

ግንቦት 21

ላባው ሞላ። የግቢው በር ሲንኳኳ እኔ መሆኔን ያውቃል፣ ይጮኻል፣ ክንፉን ያርገበግባል። ለሌላ ሰው እንዲህ አይሆንም፤ እማዬ ናት የነገረችኝ። እኔን በር ላይ የጠበቀኝ ሰው ኖሮ ያውቃል? ደስ አለኝ። ልጽፈው አፍሬ ነበር፣ ግን ደስ አለኝ።

ግንቦት 28

የከብት ሐኪም ጋ ደወልኩ። ሳቀ መጀመሪያ። ከዚያ ግን ቆምጨጭ አለ።

«ከሲሪንጅ ካላላቀቅሽው ትልቅ ሆኖም አፉን ከፍቶ ይጠብቅሻል። አንድ ቀን ብትታመሚ በረሃብ ይሞታል። የምሳውን ተይ፣ ምግብ ፊቱ አስቀምጪ። ሲርበው ይሞክራል።»

ፓፓያ፣ የተቀቀለ በቆሎ፣ የራሰ ሱፍ በቆርቆሮ ክዳን ላይ አደረግሁለት። ለእማዬም ነገርኳት፤ ቀን ምንም እንዳትሰጪው፣ ቢጮህም። «እሺ» አለች፣ ሽንኩርቷን እየላጠች።

ማታ እራት ላይ እንደ ልማዷ ጉርሻ ዘረጋችልኝ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ እማዬ! «አፈር ስሆን» አለች። ጎረስኩ። ሳልጎርስ ከትሪው ተነስቼ አላውቅም።

ሰኔ 3

ክዳኑን ዞር ብሎም አላየውም። ፓፓያው ደርቆ ተጣብቋል። በሲሪንጅ የሚያገኘው ጠዋትና ማታ ብቻ ነው። ግን አልከሳም... በምን ይኖራል?

ሰኔ 6

ዛሬም አልነካም። ሰነፍ።

ሰኔ 9

መብራት ጠፋና በጊዜ ዘጋን። በሩን በቁልፌ ከፍቼ ገባሁ። ጎመን እማዬ ጉልበት ላይ፣ ነጠላዋ ላይ ተቀምጧል። ዳቦ በሻይ እያራሰች በጣቷ አፉ ውስጥ ታደርግለታለች። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ...» ትለዋለች። እንደ እንግዳ!

ጮህኩባት። እናቴ ላይ።

«እጅሽን ሰብስቢ! በዚህ እጅሽ ነው የምትገድይው! ሁሉም በራሱ ይበላል፣ ገባሽ?»

«አፉን ከፍቶ ሲለምነኝ ምን ላድርግ?»

«ዝም በይው!»

ጣቶቿን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ አንድ በአንድ።

ሰኔ 11

ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ አሉ ጎረቤቶች። እማዬ ላለመስማት መድኃኔ ዓለም ሄዳ ዋለች። እኔም ፋርማሲ ተቀምጬ ጩኸቱ ይሰማኝ ነበር፣ ከሳንሱሲ። ጨካኝ ነኝ? ሐኪሙ ነው እንዲህ አድርጊ ያለው...

ሰኔ 16

በላ! በቆሎውን በአንድ እግሩ ያዘ፣ አገላብጦ አየው፣ ነከሰው። ግማሹን ደፋው። ከዚያ አንዲት ሱፍ ሰንጥቆ ቅርፊቷን ተፋ። «እማዬ ነይ እይ!» አልኩ። መጥታ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«በላ?» አለች።

«በላ።»

ተመልሳ ሄደች። ምን አስኮረፋት? እሰይ አይባልም?

ሰኔ 24

በዛብህ የወፍ ጎጆ ይዞ መጣ። ሽቦ ነው፣ ወርቅማ ቀለም የተቀባ። መብላቱን ማን ነገረው? እኔው። በስልክ፣ እየተኩራራሁ። ሲሪንጁን ካቆምኩ ሳምንት አልሞላኝም።

«የናዝራዊት ልደት ነው እሁድ። ተባረኪ ፀዲ፣ አንቺ ባትኖሪ...»

የአባባን ሬዲዮ እንደዚህ ወሰደ። የፊት ለፊቱን ክፍልም እንደዚህ፣ ለዕቃ ማስቀመጫ ብሎ። እማዬን አየኋት፤ ለእሱ ቃሏ ሕግ ነው፣ አንድ ነገር ትላለች ብዬ። ዝም አለች። ጎመንን በእጄ ጎጆው ውስጥ አስገባሁት፣ ለሌላ እጅ እምቢ ስላለ። እስከ ታክሲው ድረስ ይጮህ ነበር።

በሩን ዘግቼ ስመለስ እማዬ ክዳኑን ታጥባለች።

«ለምን አንድ ቃል አልተናገርሽም?»

«ስናገር የነበረው በእጄ ነው» አለች። «በራሱ ካልበላ አይወስደውም ብዬ... ደስ ብሎሽ ስትገቢ ካየሁሽ ስንት ዘመኔ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እጅሽን ሰብስቢ አልሽኝ። ሰበሰብኩ።»

ሐምሌ 8

ዝናብ። በዛብህ ደውሎ ነበር። ጎመን በደንብ ይበላል አለ። ናዝራዊት ጩኸቱን ስላልወደደችው በረንዳ ላይ አውጥተውታል። በዚህ ብርድ? «ላባ አለው እኮ» አለኝ።

ከእማዬ ጋር እራት ቀረብን። እሷ በወገኗ፣ እኔ በወገኔ። ከጮህኩባት ቀን ወዲህ እጇ ትሪውን አልፎ ወደ እኔ መጥቶ አያውቅም። ይኼን ያስተዋልኩት ጎመን ከሄደ በኋላ ነው። ደጋግሜ አየኋት። ጨረስኩ እያልኩ ቆየሁ፣ እንደገና ጀመርኩ።

«እማዬ፣ አታጎርሺኝም?»

ቀና ብላ አላየችኝም።

«ሁሉም በራሱ ይበላል አላልሽም?»

እጇን ልትታጠብ ተነሳች። የቀረውን በራሴ በላሁ።