መሬት ውስጥ ስለተከፈተው የመማሪያ ማዕከል የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የምሥራቅ ሰፈሮች ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ኃላፊ
ቂርያት ጋት፣ እስራኤል
ጁላይ 1993

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኔ፣ ባለቤቴ አስናቁና ልጃችን ታይቱ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የሰሞኑ ሙቀት እርስዎን እንዳይጎዳዎት፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣም አንድ ቀን እንኳ ሥራውን እንዳያቆም ከልብ እመኛለሁ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈውና በምኩራባችን በር ላይ የምለጥፈው እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። ቀደም ሲል በፖስታ የላክኋቸው ደብዳቤዎች በሥራዎ ብዛት መካከል ጠፍተው ሊሆን ይችላል ብዬ ስላሰብኩ ነው፤ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ብዙ ሰው ስለሚያየው በቀላሉ አይጠፋም።

ሰሞኑን «የዓመቱ መጨረሻ ዜናዎች» የተሰኘው ጽሑፍዎ በፖስታ ሳጥናችን ደርሶናል። የመጨረሻው ገጽ ለእኛ ሲባል በአማርኛ መታተሙ ትልቅ ክብር ነው። እርግጥ ነው፣ አማርኛው ራሱ እንደ እኛ ለአገሩ ገና አዲስ ገቢ ስለሆነ አልፎ አልፎ ተደናቅፏል። ለምሳሌ «የወላጆች ስብሰባ» የሚለው «የወላዶች ስብሰባ» ተብሎ ስለታተመ፣ ጎረቤቴ አያ ጥሩነህ ጺማቸውን እየዳበሱ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብለው ጠይቀውኛል። ይሁን፤ እኛም የመጣን ሰሞን እንዲሁ ነበርን።

በዚሁ ገጽ ላይ የስፖርት ሜዳው አጥር መቀባቱን፣ የመዝሙር ቡድኑም ዋንጫ ማግኘቱን በደስታ አነበብኩ። ከሁሉ በላይ ግን ዓይኔን የሳበው «ለአዲስ ገቢ ልጆች የተከፈተው ልዩ የመማሪያ ማዕከል ከፍተኛ ስኬት ስላስመዘገበ ታድሶ በሚመጣው ዓመትም ይቀጥላል» የሚለው ዜና ነው። ይህን ሳነብ አገሬ የተመለስኩ መሰለኝ። ጎንደር ሳለን፣ እህሉ ማሳ ላይ ደርቆ እያየነው «ምርቱ ከዕቅድ በላይ ነው» የሚል ሪፖርት በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ይነበብልን ነበር፤ እኛም ቆመን እናጨበጭብ ነበር። ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ አጻጻፍ አይከብደኝም። ማዕከሉን በዓይናቸው ያላዩ አንባቢዎች ግን የስኬቱን ልክ እንዲረዱልኝ፣ የማመሰግንበትን ምክንያት በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ/ ቦታውን ስለመረጡልን አመሰግናለሁ። ማዕከሉ ያለው በትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ፣ ከመሬት በታች ነው። በዚህ አገር ሚክላት ይሉታል፤ ጦርነት ሲነሳ ሕዝብ ከሚሳይል የሚሸሸግበት ክፍል ነው። ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት፣ በሩ ብረት ነው፤ መስኮት የለውም። በሰፈራችን ከዚህ የበለጠ የተጠበቀ ቦታ ስለሌለ፣ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ የእኛዎቹን ብቻ መርጠው እዚያ ማስቀመጥዎ ምን ያህል እንደሚሳሱላቸው ያሳያል።

ባለፈው ሴፕቴምበር ታይቱን ይዤ ስሄድ፣ ርእሰ መምህሩ አቶ ዳቪድ በፈገግታ ተቀብለው «ቋንቋ እስኪለምዱ ድረስ ነው፤ ከበዓላት በኋላ ወደ ላይ ይወጣሉ» አሉኝ። የትኞቹ በዓላት ብዬ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው። የዳስ በዓል አለፈ፣ የመብራት በዓሉ ሐኑካም አለፈ፣ ልጆቹ እዚያው ናቸው። የዕረፍት ሰዓታቸውም ከሌሎቹ ልጆች ተለይቶ ስለነበር፣ ዕብራይስጡን እርስ በርሳቸው በአማርኛ ይለማመዱት ነበር።

አስተማሪያቸው ሚሪ ትባላለች፤ የውትድርና አገልግሎቷን በማስተማር የምትፈጽም፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች የምትመጣ ወጣት ናት። ስለ እርሷ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከልቤ የሆነ ምስጋና ብቻ ነው የሚገኘው። ይሁን እንጂ አንድ ቀን እራት ቀርበን ሳለ ታይቱ «አባባ፣ ጦርነቱ መቼ ነው የሚያልቀው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የምን ጦርነት?» አልኳት።

«እኛ የምንሸሸገው» አለች።

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። በየማለዳው ወደ መሸሸጊያ እየወረደች፣ እዚያም ወታደር እየጠበቀቻት፣ ሌላ ምን ልታስብ ትችላለች? ጥቂት ቆይታም «ላይ ያሉት ልጆች ግን ለምን አይፈሩም?» አለችኝ። አስናቁ ወጥ ጨመረችላት።

2ኛ/ ስለ ዝናቡ አመሰግናለሁ። ያዘዙት እርስዎ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ልጆቻችንን መጀመሪያ ወደ ላይ ያወጣቸው እርሱ ስለሆነ ምስጋናውን ልነፍገው አልወደድኩም። ክረምቱ በከበደ ሰሞን ጎርፉ በደረጃው ወርዶ ሚክላቱ ውስጥ ገባ። ሚሪ ጫማዋን አውልቃ፣ ሱሪዋን ጠቅልላ፣ ትንንሾቹን እያዘለች አወጣቻቸው። ከዚያም ማንንም ሳታስፈቅድ ሁሉንም ይዛ ሦስተኛ ክፍል ገባች። የክፍሉ መምህርት ልጆቹ ርሰው ሲንቀጠቀጡ አይታ ለተማሪዎቿ «ተጠጋጉ» አለች። ይኸው ነው። እርስዎ ዘንድ ስንት ስብሰባ የጠየቀው ጉዳይ በዚህች ቃል አለቀ።

ታይቱ አናት ከምትባል ልጅ ጎን ተቀመጠች። ሚክላቱ እስኪደርቅ በቆየችባቸው ሳምንታት፣ ታች በወራት ያልተማረችውን ዕብራይስጥ ከነስድቡ ተማረች። አናትም ቤታችን መምጣት ጀመረች። ባለቤቴን «እማማ» ማለት ለመደች። ሽሮውን በማንኪያ ካልሆነ አልበላም ትል ነበር፤ ቢሆንም እጇ እስኪለምድ ድረስ ነው ብለን ለብቻዋ አላስቀመጥናትም።

3ኛ/ በወንበር ጉዳይ ስለተሰጠኝ ማብራሪያ አመሰግናለሁ። ሚክላቱ ደረቀና ልጆቹ እንዲመለሱ ታዘዘ። ከፋብሪካ ፈረቃዬ ስወጣ በቀጥታ ወደ አቶ ዳቪድ ሄድኩ።

«ላይ ወንበር የለም» አሉኝ።

«እስከ ትናንት የተቀመጡበትስ?» አልኳቸው።

«እሱ የተዋስነው ነው።»

«ከማን?»

«ከሌሎቹ ልጆች።»

«ታዲያ ሌሎቹ ልጆች እስካሁን ቆመው ነበር?» ብላቸው ሰዓታቸውን አዩና ውሳኔው የእርሳቸው ሳይሆን የእርስዎ መሆኑን ገለጹልኝ። ወደ እርስዎ ቢሮ ብመጣ ደግሞ ጸሐፊዎ ጉዳዩ የርእሰ መምህሩ መሆኑን ነገሩኝ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንዲህ በትሕትና አንዱ ሌላውን ሲያስቀድም አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ታይቱ ከቤት አልወጣም አለች። የበሩን መቃን ይዛ «ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። ጣቶቿን አላቅቄ፣ አዝዬ ወሰድኳት። ወደዚህ አገር ልንመጣ ከመንደራችን ወጥተን ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝም በጀርባዬ ነበረች፤ ያኔ ግን እንዲህ አልከበደችኝም። ደረጃው አፍ ላይ ሳወርዳት ፊቷን አላዞረችልኝም፤ ብቻዋን ወረደች።

4ኛ/ ይህ ምስጋና ለእርስዎ ሳይሆን ለአናት የሚገባ ነው፤ ነገር ግን በጽሑፍዎ ላይ ስሟ ስለተዘነጋ እዚህ አስገብቼዋለሁ።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሰሞን አናት ከዕረፍት በኋላ ወደ ክፍሏ ሳትመለስ ቀረች። ሽንት ቤት ተፈለገች፣ በር ላይ ተፈለገች፣ ዘበኛው ተጠየቀ። የልጅ መጥፋት ቀላል ነገር አይደለምና እናቷ ወይዘሮ ሮኒም ከሥራ ቦታዋ ተጠርታ እየሮጠች መጣች። በመጨረሻ አናት የተገኘችው ሚክላት ውስጥ፣ ከታይቱ ጎን ነው። ሚሪ ለምን እንዳላስወጣቻት ስትጠየቅ «ልትማር የመጣች ልጅ እንዳባርር አልታዘዝኩም» አለች። ወታደር ናትና ትእዛዝን በሚገባ ታውቃለች።

ወይዘሮ ሮኒ እንደደነገጠች ደረጃውን ወረደች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ልጇን አቅፋ ሳመቻት። ወዲያው ሽታው አፍንጫዋን መታው፤ ግድግዳውን ብትነካው እርጥበቱ እጇ ላይ ቀረ። ወደ አቶ ዳቪድ ዞራ «ልጄን እዚህ ውስጥ ሳንባዋን ልታሳምሙብኝ ነው?» ብላ ጮኸች። አቶ ዳቪድም ሊያረጋጓት ብለው «አይዞሽ፣ እሷ የዚህ ክፍል ልጅ አይደለችም» አሏት።

ያኔ ወይዘሮ ሮኒ ቀና ብላ የተቀመጡትን ልጆች አየቻቸው። ልጆቹ የተናደደ ትልቅ ሰው ፊት እንደሚደረገው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፈዋል። ከዚያ «እነዚህስ?» አለች።

አቶ ዳቪድ አልመለሱላትም። እርስዎም እስከ ዛሬ አልመለሱላትም፤ እኔም ይህን የምጽፈው በከፊል እርሷን ወክዬ ነው።

5ኛ/ ስለ ጤና መርማሪው ፍጥነት አመሰግናለሁ። ወይዘሮ ሮኒ ስልክ በደወለች በዚያው ሳምንት መጥቶ፣ አየሩ ለልጆች እንደማይስማማ አረጋገጠ። እኔ ይህንኑ በየደብዳቤዬ ስጽፍ አየሩ ይስማማ የነበረ ይመስለኛል፤ የተበላሸው አናት ገብታ ለአንድ ክፍለ ጊዜ እንደተቀመጠች መሆን አለበት። የሆነው ሆኖ ልጆቹ ከፋሲካ በኋላ ወደ ላይ ወጡ፤ ወንበርም ተገኘ። ጽሑፍዎ ይህን «በአስተዳደሩ ተነሳሽነት ልጆቹ ከመደበኛ ክፍሎች ጋር እንዲቀራረቡ ተደረገ» ሲል ገልጾታል። አማርኛው እዚህ ላይ እንኳን አልተደናቀፈም።

ታይቱ ዓመቱን የጨረሰችው ከአናት ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። በመጨረሻው ቀን እየዘለለች ቤት ገባች፤ ጦርነቱንም ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። እኔም አልቋል ብዬ አምኜ ነበር። ጽሑፍዎ የደረሰን በዚያው ሳምንት ነው። ሚክላቱ ቀለም ተቀብቶ፣ በሩ ላይ አበባ ተሥሎበት፣ ልጆቻችን በሴፕቴምበር ወደዚያው እንደሚመለሱ ስናነብ አስናቁ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ከሶፋው ትራስ ሥር ደበቀችው። ልጅቷ ግን ዕብራይስጡን ገጽ በአናት ቤት አንብባው ኖሯል። ማታ መጥታ እራቷን ትታ ተኛች።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የምጽፈውን በተራ ቁጥር አላስቀምጠውም፤ ምስጋና ስላልሆነ።

ባለፈው ሰንበት ከጸሎት በኋላ በሚክላቱ የተማሩት ልጆች አባቶችና እናቶች ሁላችንም ተሰብስበን ነበር። ከፊሎቻችን እዚህ አገር ከመንግሥት ሰው ጋር መጣላት ገና ያስፈራናል፤ ይህን አልደብቅዎትም። «ልጆቹን ቢያባርሩብንስ?» ያለ ነበር። እኔም ፈርቻለሁ። ወይዘሮ ሮኒም ተጠርታ መጥታ፣ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ፣ የማይገባትን አማርኛ እስከ መጨረሻው ስታዳምጥ ቆየች። በመጨረሻ ተነሥታ «በመጀመሪያው ቀን አናትን ይዤ ዋናው በር ላይ እጠብቃችኋለሁ» አለች። ነገሩን የቋጨችው እርሷ ናት።

ስለዚህ በትምህርት መክፈቻው ጠዋት ልጆቻችንን ይዘን እንመጣለን። የምንገባው በዋናው በር ነው፤ የምንወጣውም የፎቁን ደረጃ ነው። ብንከለከል እዚያው ግቢ ውስጥ ከልጆቻችን ጋር እንቀመጣለን እንጂ አንድም ልጅ ወደ ታች አይወርድም። የፈረቃ አለቃዬን ከአሁኑ አስፈቅጃለሁ። ለታይቱም ነግሬያታለሁ። «አንተም ላይ ድረስ ትወጣለህ ወይስ ከበር ትመለሳለህ?» አለችኝ። «እወጣለሁ» አልኳት። በዚያን ቀን እራቷን ጨርሳ በላች።

እርስዎም በዚያ ጠዋት ጊዜ ካገኙ በመካከላችን ቢገኙ ክብሩ የእኛ ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤተሰብዎ የተባረከ፣ የሚቀጥለው ዓመት ዜናዎም እንደዘንድሮው በስኬት የተሞላ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

አግደው ይኄይስ
የታይቱ አባት፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከቢሮዎ አንዲት ወይዘሪት ትናንት ስልክ ደውለው፣ ለአዲሱ ዓመት መክፈቻ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ የለበሱ እናቶች ከታደሰው ማዕከል በር ላይ ቆመው ፎቶ አንሺው ሲመጣ እልል እንዲሉ ጠይቀዋል። ባለቤቴ አስናቁ ጥሪውን በደስታ ተቀብላለች፤ ቀሚሷንም አጥባ ሰቅላለች። ልጆቹ ፎቅ የሚወጡ ከሆነ እልልታው ቢሮዎ ድረስ ይሰማል። የሚወርዱ ከሆነ ግን፣ ሰው ወደ መሬት ሲወርድ በእኛ ዘንድ ነጭ የለበሱ ሴቶች የሚያሰሙት ድምፅ ሌላ ነው፤ እርሱንም አሳምራ ታውቅበታለች።